ጠመንጃ የሳመው ቅንድብ

ወንድሜ ዝናቡ ባረፈ ዕለት የአባ ምትኩ ጠመንጃ ጓዳችን ውስጥ፣ በሁለት የአሸዋ ከረጢቶች ላይ ተጋድሞ ነበር። መነጽሩ ከላይ ተቀምጧል፤ ብሎኖቹ ግን ገና በጣት ብቻ የገቡ ናቸው። ለቀስተኛው ሲበዛ እናቴ ማንም እንዳይነካው ብላ ነጠላ ጣል አደረገችበት። ከሰዓት በኋላ ከገጠር የመጣች አክስታችን ውሃ ልትጠጣ ወደ ጓዳ ገባችና ነጠላ የለበሰ ረጅም ነገር ተጋድሞ አየች።

"ወይኔ! ደግሞ ይሄኛው ማነው?" ብላ ጮኸች።

ሰው ሁሉ ተሯሩጦ ገባ። እኔ ሳቄ መጣና እንዳያዩኝ በጓሮ በር ወጣሁ። ከግንቡ ጥግ ቆሜ ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነ። ያን ሰዓት ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን ወሬ ሮጬ መንገር የምፈልገው ለዝናቡ ነበር።

ስለ ሰው ጽፌ አላውቅም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ፤ ድርሰት ስንጽፍ መምህራችን "ሐሳብህ ይቆራረጣል" ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። ዝናቡ ግን ወሬው የማይቆራረጥ ሰው ነበር። እኔ ስቆም ምናልባት እሱ ይቀጥልልኛል።

በሙያው ግንበኛ ነው። እዚህ ሰቆጣ ውስጥ እሱ ያቆመው አጥር ወይም ቤት የሌለበት ሰፈር ጥቂት ነው። ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ትልቅ፣ ጉራ የማይጠላ ሰው። "እኔ የገነባሁትን ግንብ ዝንጀሮ እንኳ ሳያስፈቅድ አይወጣውም" ይላል። ድንጋይ ሲጠርብ ከድንጋዩ ጋር በኽምጥኛ ያወራል፤ ከአሠሪው ጋር በአማርኛ። "ለምን?" ስለው "ድንጋይ የአገሩን ቋንቋ ነው የሚሰማው፤ አሠሪ ግን ዋጋ ሲነገረው በየትኛውም አይሰማም" አለኝ።

የታወቀው ግን በግንብ ብቻ አይደለም። ጠመንጃ ላይ መነጽር በመግጠም ነው።

በእኛ አገር ገበሬው ፈቃድ ያለው ጠመንጃ ይይዛል። ከርከሮ አለ፣ ጅብ አለ፣ ዝንጀሮ አለ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየው መነጽር ገበያ ውስጥ መታየት ጀመረ። ታዲያ መነጽር ጠመንጃ ላይ ማሰር የጫማ ክር እንደማሰር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ገዝቶ፣ በሽቦም በላስቲክም አስሮ፣ ዓይኑን ለጥፎበት ይተኩሳል። ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይመታል። መነጽሩም አብሮ ይመጣና ጠርዙ ቅንድብ ላይ ያርፋል። የሚተወው ጠባሳ እንደ አዲስ ጨረቃ የታጠፈ ነው።

በገበያ ቀን ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጠን ዝናቡ መንገደኛውን ይቆጥርልኝ ነበር።

"ትንሹ፣ ያንን ባለ ባርኔጣ አየኸው?"

"አየሁት።"

"በገዛ እጁ ያሰረ ነው። ያኛው ደግሞ፣ ባለ በጉ፣ ሁለቴ በጠመንጃው ተስሟል። አንዴ ተስሞ ያልተማረ!"

"ኧረ ይሰማሃል!"

"ይስማ! ደንበኛዬ ነው የሚሆነው።"

እሱ ራሱ ከቀኝ ቅንድቡ በላይ ያቺ ጨረቃ ነበረችው። ታሪኳን አገር ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቅ ካለ ራሱ ይነግረዋል። አባታችን የተወልን አሮጌ ምንሽር ነበር። ዝናቡ ሃያ ዓመት ሳይሞላው መነጽር አገኘና አሰረበት። ወደ ዓይኑ ባስጠጋው ቁጥር የበለጠ የሚያሳየው መሰለው። በአጎታችን ማሽላ ውስጥ ከርከሮ ይገባ ስለነበር "ዛሬ ተኳሽ ታያላችሁ" ብሎ የመንደሩን ሰው ሁሉ ዳገት ላይ አስቀመጠ። ተኮሰ። ጥይቱ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ዝናቡ ግን ፊቱ ደም በደም ሆኖ ቁጭ አለ። አጎታችን "ጠመንጃው ፈነዳ! ልጁ አለቀ!" ብሎ እሪ አለ።

"ከሁሉ የከፋኝ" ይል ነበር ዝናቡ፣ "ከርከሮው አልሸሸም። ዞሮ ቆሞ አየኝ። አዘነልኝ መሰለኝ።"

ቤት ሲያመጡት እናቴ "ምን ሆነህ ነው ልጄ?" አለችው።

"ምንም አይደል እማ፣ ጠመንጃው ሳመኝ።"

እሷም ቅቤ አመጣችና ግንባሩን አሸችው። እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ፤ አላስታውሰውም። ግን እሱ ደጋግሞ ከማውራቱ የተነሳ ያየሁት ያህል ነው፤ የቅቤው ሽታ ሳይቀር ይመጣብኛል።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን እልህ ያዘው። ጡረታ የወጣ ወታደር ጎረቤታችን ጥቂት አሳየው። የቀረውን ከግንብ ሥራው አመጣው። ቱንቢውንና ውሃ ልኩን ማለቴ ነው። ጠመንጃ ሲመጣለት መጀመሪያ ፈቃዱን ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ጥይት እንደሌለበት ራሱ ከፍቶ ያያል፤ ከዚያ ባለቤቱ ላይ እያሾፈ ሥራውን ይጀምራል። ጠመንጃውን ከረጢቶቹ ላይ በውሃ ልክ ያስተካክላል። ከበሩ ማዶ ቱንቢውን በክር ያንጠለጥላል። በመነጽሩ ውስጥ ሲታይ መስቀል የሚመስሉ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች አሉ፤ የቆመውን መስመር ከቱንቢው ክር ጋር እስኪገጥም ድረስ መነጽሩን ያዞረዋል። "መስቀሉ ካዘነበለ ሩቅ በሄድክ ቁጥር ያዘነብልብሃል" ይላል። "እንደ ግንብ ነው። ከመሠረቱ በፀጉር የሳተ ከጣሪያው በክንድ ይስታል።"

በጣም የምወደው ግን የዓይኑን ነገር ነበር። ባለቤቱን ያቆመዋል።

"ዓይንህን ጨፍን።"

ሰውየው ይጨፍናል።

"ደግን። እንደሚመችህ፤ አንገትህን አትወጥር። ተመቸህ?"

"ተመቸኝ።"

"አሁን ግለጥ። ጨረቃዋ ሙሉ ናት ወይስ ተበልታለች?"

የሚታየው ክብ ጥቁር ጠርዝ ከያዘ ተበልታለች ማለት ነው። መነጽሩን በጥቂቱ ወደፊት ይገፋል ወይም ይስባል፤ እንደገና ያስጨፍናል። ሰው ዓይኑን ገልጦ ከሆነ መነጽሩን ፍለጋ አንገቱን ያስረዝማል፤ ጨፍኖ ከሆነ ግን ራሱን በሚመቸው ቦታ ነው የሚያኖረው። "መነጽሩ ወደ ሰው ይመጣል እንጂ ሰው ወደ መነጽር አይሄድም" የሚለው ቃሉ ይህ ነበር። ትልልቅ ሰዎች፣ ሽማግሌዎች፣ አንድ የደብር አለቃ ሳይቀሩ ጓዳችን ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲቆሙ አይቻለሁ። አለቃው የጸሎት ሰዓት መሰላቸው መሰለኝ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

አንድ ጊዜ ከሰሃላ አንድ ገበሬ በእግሩ መጣ። የጠመንጃው መነጽር የተገጠመው ሌላ ቦታ ነው።

"አያ ዝናቡ፣ ይሄ ነገር ሰይጣን አለበት" አለ ገና ሳይቀመጥ። "ጠዋት የምመታትን ድንጋይ ቀትር ላይ አልመታትም። ጠበል ልወስደው ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልወሰድከውም?"

"ቄሱ እምቢ አሉ።"

ዝናቡ ብሎኖቹን ፈታ። አንዱን አሸተተ። እኔንም አስሸተተኝ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ቅቤ ነዋ! እንዳይዝግ ብዬ ለጋ ቅቤ ነው የቀባሁት። የቤቴን።"

ዝናቡ ብሎኑን መዳፉ ላይ አስቀምጦ እንደታመመ ጫጩት አየው። "ጠዋት በብርዱ ቅቤው ይረጋና ብሎኑ ይይዝልሃል። ቀትር ላይ ይቀልጣል፣ ብሎኑም ይለቃል። ሰይጣንህ ፀሐይ ናት። ወንድሜ፣ ቅቤ ለግንባር ነው፤ ለብሎን አይደለም።"

ከዚያ ብሎኖቹን በአረቄ አጠባቸው። ቅባቱን ጠርጎ የሚያወጣ እሱ ነው ይላል። "ለብሎኑ ጠብታ፣ ለሠራተኛው መለኪያ" ብሎም ድርሻውን ጠጣ። ሰውየውን አስጨፍኖ ሊለካው ሲል እንደ ሁልጊዜው ጠየቀው።

"ስትተኩስ ቆመህ ነው፣ ተቀምጠህ ነው፣ ወይስ እንደ እንሽላሊት ተኝተህ?"

"ከከርከሮ ጋር ማን ይተኛል?"

"አትቀልድ፣ መልስ። ሰው ሲተኛ አንገቱ ወደፊት ይሳባል። ቆሞ የተለካ መነጽር ተኝቶ ይናከሳል።"

"ተቀምጬ ነው።"

"እንዲህ በል።"

ብሎን ሲያጠብቅ ደግሞ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው አይሄድም። የመኪና ጎማ እንደሚታሰር ከዚህ ጥግ ጥቂት፣ ከዚያ ጥግ ጥቂት። ከዚያ ባለቤቱን ይዞ ከከተማ ውጭ ወዳለው ድንጋይ ማውጫ ይሄዳል፤ ለሚሊሻው አስቀድሞ ይነገራል። ኖራ የተቀባ ድንጋይ አለ። ባለቤቱ ሲተኩስ ሰው ሁሉ ወደ ድንጋዩ ያያል። ዝናቡ ብቻ ወደ ሰውየው ቅንድብ ያያል። "ድንጋዩ አይሸሽም" ይላል። "መጀመሪያ ሰውየውን።"

አሁን ወደ አባ ምትኩ ልምጣ።

አባ ምትኩ ቄስ አይደሉም፤ አባ ያሰኛቸው ዕድሜያቸው ነው። የፃግብጂ ገበሬ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እርሻቸው ገደል ሥር ነው፤ ዝንጀሮዎቹ ደግሞ ገደሉ ላይ ናቸው። ድሮ ጎበዝ አዳኝ ነበሩ አሉ። አሁን ግን ዓይናቸው ደክሞ የጠመንጃውን ኢላማ ከዝንጀሮው መለየት ተስኗቸዋል። ያለፈውን ማሽላ መንጋው ጨረሰባቸው። ሰቆጣ ያለችው ልጃቸው "አባዬ፣ ዘንድሮም ከጠፋ መሬቱን ለእኩል አራሽ ስጥና እኔ ጋ ና" አለቻቸው። እሳቸውም እሺ ብለው ቃል ሰጡ። ቃላቸውን ያከብራሉ። ግን አይፈልጉም።

"ልጄ ደግ ናት፤ ታበላኛለች" አሉ ለዝናቡ ጓዳችን ተቀምጠው። "ግን ከተማ ገብቼ ምን ልሠራ? በር ላይ ተቀምጬ የሰው እግር ልቆጥር? እኔ ካረስኩ ነው ሰው የምሆነው።"

"ዝንጀሮዎቹ ግን አይፈሩዎትም?"

"አውቀውኛል! ስደግን ቁጭ ብለው ያዩኛል። አውራው እማ ጀርባውን ሰጥቶኝ ያካል።"

ዝናቡ ብድግ አለ። "ጀርባውን?"

"ጀርባውን።"

"ይሄ ንቀት ነው አባ! ይሄ በዝም የሚታለፍ አይደለም።" የእውነት ተናዶ ነበር። ዝንጀሮው የሰደበው እሱን ይመስል።

አባ ምትኩ መነጽር ገዝተው በራሳቸው አስረው ነው የመጡት። ያሰሩት በጠፍር ነው። የእኛ አገር ሰው ሞፈርና ቀንበሩንም፣ አልጋውንም በእርጥብ ጠፍር ነው የሚያስረው፤ ቆዳው ሲደርቅ ይሰበሰብና እንደ ብረት ይይዛል። መነጽሩንም እንዲሁ አደረጉት። ጠፍሩ ሲደርቅ ጨምድዶ ያዘው፤ ግን ወደ ጎን ጠምዝዞ። ዝናቡ በመነጽሩ ውስጥ አየና ሳቀ።

"አባ፣ መስቀሉ ከጠላ ቤት የወጣ ይመስላል።"

"አልያዘም?"

"መያዝስ! እኔ በብሎን እንዲህ አልይዝም። የያዘው ግን የጎረቤትዎን እርሻ ነው።"

ጠፍሩን ለመፍታት ከሰዓቱን ሙሉ ታገለ። ሲፈታው አልጣለውም፤ ግድግዳው ላይ ሚስማር መትቶ ሰቀለው። "ይህን ያሰረ እጅ ይከበራል" አለ። አባ ምትኩ ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው "ማሽላዬ ከተረፈ የመጀመሪያው እሸት ለዚህ ቤት ነው" አሉ።

ጠመንጃው ላይ መነጽሩ የሚቀመጥበትን ብረት አስገጠመ። ቀለበቶቹን አስቀመጠ። መነጽሩን አጋደመ። ልክ በዚያ ሳምንት ቆላ፣ ኒሯቅ፣ የግንብ ሥራ አለ ተብሎ ተጠራ። "ስመለስ እጨርሰዋለሁ" አለ ለእናቴ። "ብሎኖቹን በጣት ነው የያዝኳቸው። ማንም እንዳይነካቸው።"

ሲመለስ ይንቀጠቀጥ ነበር። ብርድ ነው አለ። ወባ ነበር። ሆስፒታል ውስጥም አፉ አልተዘጋም። ነርሷ መርፌ ይዛ ስትመጣ "እህቴ፣ አንቺ ስትወጊ ቆመሽ ነው ወይስ ተቀምጠሽ?" አላት። እሷ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። በማግሥቱ ስለ ሆነው መጻፍ አልችልም፤ ይቅር።

አባ ምትኩ ሰምተው ለለቅሶ መጡ። ከሰው ጋር ተቀመጡ፣ ንፍሮ ቀመሱ፣ "ልጄ ነበር" አሉ። ሊሄዱ ሲነሱ ተከትዬ "አባ፣ ጠመንጃው..." ስላቸው እጄን ያዙኝ።

"ተወው ልጄ። በዚህ ቀን ስለ ብረት አይወራም።"

ወንጭፋቸውን ይዘው ወደ ፃግብጂ ወጡ። በዚያ ወቅት ማሽላው ጉልበት ደርሷል። ጠመንጃው ግን ነጠላ እንደለበሰ ቀረ። እናቴ በዙሪያው ትጠርጋለች፤ አትነካውም። ቅቤም በቤታችን አይነካም። ሐዘንተኛ ፀጉሯን ቅቤ አትቀባም፤ እሷ ግን የቅቤውን ቅል እንኳ ከመደርደሪያው አውርዳ ማየት አልፈለገችም። ስትስቅ አላየኋትም። የአክስቴን ወሬ ነገርኳት፤ አልሳቀችም።

አርባው ካለፈ በኋላ አባ ምትኩ ተመልሰው መጡ። ማሽላው ፍሬ መያዝ ጀምሯል፤ ዝንጀሮዎቹም መውረድ ጀምረዋል።

"እንዳለ ስጠኝ" አሉኝ። "ጠፍሬ ካለ እንደ ፊቱ አስረዋለሁ።"

"አባ፣ በጠፍር እኮ..."

"አውቃለሁ። ግን ወንጭፍ ሰለቻቸው። ትናንት የወረወርኩትን ድንጋይ አውራው አንስቶ አሸተተው።" ይህን ሲሉ ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። "ካልሆነም ለልጄ ቃል ሰጥቻለሁ። እመጣለሁ።"

ጠፍሩን ከሚስማሩ ላወርድ እጄን ዘረጋሁ። እናቴ ከበስተኋላዬ ተናገረች።

"እሱ ይጨርሰዋል።"

"ማን?" አልኩ።

"አንተ ነሃ።"

"እማ፣ እኔ አልችልም። አንድም ቀን ብሎን ይዤ አላውቅም።"

"ሲለፈልፍ አልሰማህም? እኔ እንኳ ወጥ እያማሰልኩ ስንት ዓመት ሰምቼው፣ ዓይኔ ደህና ቢሆን እሠራው ነበር።"

ነጠላውን ራሷ አነሳችው።

መጀመሪያ ጥይት እንደሌለበት ከፍቼ አየሁ። ቀጥሎ ቱንቢውን ከመሣሪያው ከረጢት አወጣሁት። ክሩ ላይ የኒሯቅ ኖራ ደርቆበታል፤ አልጠረግኩትም። ከበሩ ማዶ ሰቀልኩትና እስኪረጋ ጠበቅኩ። መስቀሉን ከክሩ ጋር ለማጋጠም ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ባዞርኩት ቁጥር ያልፋል፤ ስመልሰው ያልፋል። አባ ምትኩ ዱላቸውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። በመጨረሻ ክሩ ከመስመሩ ኋላ ጠፋ። ሁለቱ አንድ ሆኑ ማለት ነው።

ከዚያ የጠመንጃውን መዝጊያ አወጣሁ። ዝናቡ እንዲህ ያደርግ ነበር፤ በባዶው አፈሙዝ ውስጥ ከኋላ አጮልቆ ማዶ አንድ ነገር ይይዛል፤ ከዚያ ጠመንጃውን ሳያንቀሳቅስ የመነጽሩን መስቀል እዚያው ነገር ላይ ያመጣዋል። "ሁለት ዓይን አለው፤ ሁለቱ አንድ ነገር እስኪያዩ አታምነው" ይለኛል። እኔም በአፈሙዙ አየሁ። በዚያች ትንሽ ክብ ውስጥ የገባው ከወንዙ ማዶ ያለ የግንብ ማዕዘን ነበር። እሱ የገነባው ነው። 

"ምን አየህ?" አሉኝ አባ ምትኩ።

"ግንብ።"

"ቀጥ ያለ ነው?"

"ቀጥ ያለ ነው።"

ብሎኖቹን በአረቄ አጠብኩ። እናቴ መለኪያ አመጣችና ለአባ ምትኩ ቀዳች፤ ለእኔም ቀዳች። ወግ አይቀርም። ከዚያ ሽማግሌውን አቆምኳቸው። ዝናቡ የሚለውን እኔ ልለው ሳፍር፣ እሳቸው ቀደሙኝ።

"ልጨፍን?"

"አዎ አባ፣ ይጨፍኑ። ይደግኑ። አንገትዎን አይወጥሩ።"

ደገኑ። 

"አሁን ይግለጡ። ጨረቃዋ ሙሉ ናት ወይስ ተበልታለች?"

"ከጎኗ ተበልታለች።"

ወደፊት ጥቂት ገፋሁ። እንደገና ጨፈኑ፣ እንደገና ገለጡ። ሦስተኛው ላይ አፋቸው ተከፈተ።

"ሞላች" አሉ። "ሞላች ልጄ! ያ የማዶው ሰውዬ ጢሙን አልተላጨም።"

ብሎኖቹን ከዚህ ጥቂት፣ ከዚያ ጥቂት እያልኩ አጠበቅኩ። ለሚሊሻው ነግረን ወደ ድንጋይ ማውጫው ወረድን። አባ ምትኩ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ክንዳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ደገኑ።  ከሳቱ ሰውየው መሬታቸውን ትተው ወደ ከተማ ሊገቡ ነው፤ ያውም በእኔ እጅ። ተኮሱ። ድምፁ ገደሉን መትቶ ተመለሰ።

እኔ ድንጋዩን አላየሁም። ቅንድባቸውን አየሁ። ንጹሕ ነበር። አንዲት ጭረት የለበትም።

ድንጋዩን ሳየው ጥይቱ በስተግራ ጠርዙን ፈልጦት ነበር። የመነጽሩን ማስተካከያ ጥቂት አዞርኩ። ሁለተኛው መሐሉን አቦነነው። አባ ምትኩ ተነስተው ሳሙኝ፤ ጠመንጃቸውን አነገቡና ምንም ሳይቆዩ ዳገቱን ያዙ። ዝንጀሮ አይጠብቅም።

ከዚያ ወሬያቸው ጠፋ። እኔ በየማታው ስለማሽላው አስባለሁ። ከፃግብጂ ሰው ሲመጣ እጠይቃለሁ፤ የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን ሥራ ውዬ ስገባ ጥላ ያለበት ደጃፋችን ላይ አባ ምትኩ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው የማሽላ እሸት፣ ዘለላው እንደ ወፍራም ክንድ የሆነ፣ በጆንያ ሙሉ። ኮፍያቸው እስከ ዓይናቸው ወርዷል።

"ተረፈ?" አልኩ ሰላምታውን ረስቼ።

"ተረፈ። የመጀመሪያው እሸት የት እንደሚገባ ተናግሬ አልነበር?"

እናቴ ወጣች። አባ ምትኩ ተረኩልን። ማለዳ ነው። መንጋው ወርዷል። አውራው ቋጥኝ ላይ ወጥቶ እንደ ልማዱ ጀርባውን ሰጥቶ ያካል። እሳቸው ከእርከኑ ሥር ሆነው ተኮሱ። ጥይቱ ቋጥኙን ከእግሩ ሥር ፈለጠው። አውራው እንደ ሰው ጮኾ ዘለለ፤ መንጋው ሁሉ ገደሉን ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ጠመንጃው በፀሐይ ብልጭ ሲል ካዩ አይወርዱም።

"ታዲያ የት ሄዱ?" አልኳቸው።

"እሱን አልጠየቅኳቸውም።"

"ልጅዎስ ምን አለች?"

"ተናደደች። ከዚያ እሸት ሰጠኋት፤ በላች።"

እናቴ ግን ወሬውን እየሰማች አልነበረም። ኮፍያቸውን ነበር የምታየው።

"አባ፣ ፀሐዩ ገባ እኮ። ኮፍያዎን አያወልቁም?"

"ይመቸኛል እህቴ።"

"ያውልቁት።"

አወለቁት። ከቀኝ ቅንድባቸው በላይ፣ ገና ቅርፊቱ ያልወደቀ፣ እንደ አዲስ ጨረቃ የታጠፈ ቁስል አለ።

 ሁሉን ነገር ጠይቄያቸው ነበር፤ ጨረቃዋን፣ አንገታቸውን። አንዱን ግን ረስቻለሁ።

"አባ... ሲተኩሱ... ቆመው ነበር፣ ተቀምጠው ነበር፣ ወይስ..."

"ተኝቼ ነዋ" አሉ አባ ምትኩ። "ሽቅብ ነው፤ እርከኑ ሥር ሌላ ምን እሆናለሁ? እንደ እንሽላሊት ተኝቼ! አውራው ሲዘል አየሁ፤ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ምንም አላየሁም።"

"ይቅርታ አባ፣ እኔ ነኝ መጠየቅ..."

"ምን ይቅርታ አለው?" አሉ ቁስሉን በጣታቸው እየነኩ፣ ደስ ብሏቸው። "ሳመኝ እኮ ነው።"

እናቴ መሳቅ ጀመረች። መጀመሪያ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያ ለቀቀችው፤ በሩን ተደግፋ ሳቀች፣ ዕንባዋ እየወረደ ሳቀች። "እንዲያው ይሄ ልጅ!" ትላለች፤ የትኛችንን እንደሆነ አላውቅም። አባ ምትኩም ሳቁ። ጎረቤት አጥር ላይ አንገቱን አወጣ።

ከዚያ እናቴ ወደ ውስጥ ገባች። ከመደርደሪያው የሆነ ነገር ሲወርድ ሰማሁ። ቅሉን ይዛ ወጣች፤ በጣቷ ጫፍ ቅቤ ቆርሳ ሽማግሌው ፊት ተንበረከከች።

"ቅቤ ለግንባር ነው" አለች።

አባ ምትኩ ዓይናቸውን ጨፈኑ።